በድሬዳዋ ሙቀት የከረመ የዋንዛ ቁምሳጥን

ባለፈው ጥቅምት ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያሠራሁት ባለ ሁለት በር የዋንዛ ቁምሳጥን፣ ከተማችን እጅግ የምትግልባቸውን ግንቦትንና ሰኔን አልፎ ክረምቱን ስለያዘ፣ ጠባዩን አሁን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል።

ዋንዛ ሲደርቅ በሜትር ኩብ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከባሕር ዛፍ እጅግ የሚቀል እንጨት ነው። ለመጋዝና ለመላጊያ በቀላሉ ስለሚታዘዝ የጠርዞቹ ቅርጽ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ ልስላሴው ጉዳትም አለው፤ የሻንጣ ጥግ የነካው ቦታ ሁሉ ጎድጉዷል። ወደ ሮዝ የሚያደላው ቡናማ ቀለሙ በመስኮቱ በኩል ጠቁሯል፤ ይህንንስ ወድጄዋለሁ። በቀኙ በር ላይ ጣውላ ለመቆጠብ ሲባል የቀረው፣ ከቅርፊት ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን አላስደሰተኝም፤ መልኩን ተውትና፣ ከእንጨቱ መሐል (ከልቡ) ይልቅ ነቀዝ የሚደፍረው እርሱን ነው።

ዋናው ጉዳይ መኮማተሩ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያጣ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚጠበው በወርዱ ነው፤ መጥበቡም እንደ አሰነጣጠቁ ይለያያል። ከደጋ የወረደ ጣውላ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሞቃት ድሬዳዋ ተጨማሪ መድረቁ አይቀርም። በሮቹ ይህን በሚገባ ተቋቁመዋል፤ ምክንያቱም የመሐል ጣውላቸው በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ስለተቀመጠ እንደ ልቡ ይሰፋል፣ ይጠባል። በደረቁ ወራት የታየው ቫርኒሽ ያልደረሰው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። የላይኛው ክዳን ግን ከጎኖቹ ጋር በኮላና በብሎን ተቸንክሮ በመሠራቱ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል። ሠሪው በኮላና በመጋዝ ብናኝ ቢሞላውም፣ ክዳኑ መላወሻ እስካላገኘ ድረስ መልሶ መከፈቱ ስለማይቀር ጥገናው ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። በአጭሩ ጥፋቱ የዋንዛው ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

ምስጥ እስካሁን አልነካውም፤ እግሮቹ ከሲሚንቶው ወለል በጎማ የተለዩ መሆናቸውም ሳያግዝ አልቀረም። ዋጋውን በተመለከተ፣ ከቺፑድ ጋር አይወዳደርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የደን አዋጅ ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ስለነበር፣ ገዢው ጣውላው ከየት እንደመጣ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የመጻሕፍት መደርደሪያም ከዚሁ እንጨት ለማሠራት ወስኛለሁ፤ በዚህኛው ግን ጣውላው ከመታረቡ በፊት ድሬዳዋ ውስጥ ሳምንታት እንዲቆይ፣ ክዳኑም ብሎኑ በሚንሸራተትበት ሞላላ ቀዳዳ እንዲታሰር በውላችን ላይ አጽፌአለሁ።