ኮምፒውተራችሁን ከመጣላችሁ በፊት ይህን ልጅ አግኙት

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ይህን ለሌላም አድርሱልኝ። ምስጋናዬን በአፍ ብቻ መተው ከብዶኛል።

ልጆቼን ያሳደግኩት ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። እንጀራዬ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ጠዋት አብርቻት፣ ቡና አፍልቼ፣ አቦሉን ጠጥቼ ስጨርስ ገና አልተከፈተችም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ባለጉዳይ ቀጠሮው ደርሶበት ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ይቅርታ ብሎኝ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ምን ልበለው?

ያልወሰድኩበት የለም። አንዱ ሳይጠይቀኝ ፎርማት አድርጎ፣ ማለትም ውስጧን አጥፍቶ፣ መለሰልኝ። አማርኛ የምጽፍበት ፓወር ግዕዝ የሚባለው ፕሮግራም ጠፋ፣ ከጠፋው የተረፈው ጽሑፌም ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆነ። ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ወር ሳይሞላ ደግሞ ያው መንቀርፈፍ! ሌላው ሁለት ሳምንት ሙሉ «ነገ ነይ» ሲለኝ ከርሞ፣ ሳይፈታት «ሞታለች፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። የምርመራ ብሎም ተቀበለኝ።

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ፖሊ አካባቢ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ወሰደችኝ። ልጁ ገና ብሎን ሳይነካ «እትዬ፣ እዚህ ውስጥ እንዳይጠፋብዎ የሚፈልጉት ነገር ምንድን ነው?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። የሟች ባለቤቴ ፎቶዎች አሉ አልኩት። መጀመሪያ እነሱን ፍላሽ ላይ ገልብጦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይህን ይያዙ። አሁን ሥራ እንጀምራለን።»

ኮምፒውተሯ ደህና ናት፣ የደከመው ሁሉም ነገር የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስኩ ነው አለኝ። የድሮው ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለው፣ በእሱ ቦታ የገጠመልኝ ኤስኤስዲ የሚሉት ዲስክ ግን ምንም የሚዞር የለውም። የቀረው አልገባኝም፣ እሱም አላስጨነቀኝም። ራም የሚሉትን ሜሞሪስ ልጨምር ወይ ስለው «ያለው ይበቃዎታል፣ ገንዘብዎን አያባክኑ» አለኝ። እንዲህ የሚል ሠራተኛ አይታችኋል?

ሲያበራት አጠገቡ ነበርኩ። በርጩማውን ሳብ አድርጌ ሳልቀመጥ ተከፈተች። ባለቤቴ ጣና ዳር የተነሣው ፎቶ እንደ ድሮው ፊት ለፊት ብቅ አለ። ሁሉም ነገር እንዳለ ተገልብጧል፣ እንደገና ያስጫንኩት ፓወር ግዕዝ ሳይቀር። እንባዬ መጣ። ልጁ እንዳላፍር ብሎ ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ።

የድሮውንም ዲስክ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ፕላስተር ለጥፎ «አይጣል» ብሎ ጽፎበት ሰጠኝ። የተቀበለኝ የዕቃውን ዋጋና ትንሽ የእጅ ብቻ ነው።

ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ባለጉዳዬ ከደጅ ሳይወጣ ማመልከቻውን አትሜ ሰጠሁት።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ከክፉ ይጠብቅህ። እናትህ ትባረክ።

እባካችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሱ ጋ ውሰዱት። ሱቁ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፣ ስለዚህ የጠፋባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔው ይዤያችሁ እሄዳለሁ። ቅዳሜም ይሠራል።