ጭልፋው በማን እጅ ነው? የመዝናኛ መርከቦች ምግብና ንጽሕና በንጽጽር

ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን በመዝናኛ መርከብ መጋበዝ ጀምረዋል። ሐዋሳ ውስጥም ከጡረታ በኋላ፣ ከልጅ ምረቃ ወይም ከሠርግ ጋር ተያይዞ "የትኛው መርከብ ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚያውቁት የመርከቡን የፎቅ ብዛት፣ የመዋኛውን ስፋትና የዋጋውን ቅናሽ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ምግቡን ከመስተንግዶ ዕቃው የሚያነሣው ማን እንደሆነ ነው። እንግዳው ራሱ ነው ወይስ አስተናጋጅ? መርከቦችን የማወዳድረው በዚህ ነው፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

መርከብ ላይ በጣም የሚፈራው የሆድ ሕመም ኖሮቫይረስ የሚያመጣው ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምራል፤ አብዛኛው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ጎልማሳ ሰው ሁለት የዕረፍት ቀን ቢያባክንበት ነው። የሰባ ዓመት እናትን ግን የፈሳሽ እጥረት ክፉኛ ሊጎዳቸው ይችላል። ሰውን ለማሳመም እጅግ ጥቂት የቫይረስ ቅንጣት ስለሚበቃ፣ አንድ የታመመ ሰው የጨበጠው የቡፌ ጭልፋ ከኋላው ለተሰለፉት ሁሉ ይተርፋል።

አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይህን ቫይረስ በሚገባ አይገድለውም። የሚያስወግደው በሳሙናና በውኃ በደንብ መታጠብ ነው። እኛ ከማዕድ በፊትም በኋላም እጅ መታጠብ በልጅነታችን የተማርነው ነገር ነው፤ አገር ቤት ማንም ሰው እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አይቆርስም። መርከብ ላይ ሲደርስ ግን ሹካና ማንኪያ ስለሚይዝ፣ በሩ ላይም ሳኒታይዘር ስለሚረጭለት፣ ይኸው ሰው ሳይታጠብ ያልፋል። እባካችሁ ወላጆቻችሁን በዚህ ላይ አደራ በሏቸው። አንድ ነገርም ማንሣት ተገቢ ነው፤ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው በመርከብ ላይ የሚከሰተው የኖሮቫይረስ ወረርሽኝ ሪፖርት ከሚደረገው ሁሉ አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው። የመርከቦቹ ወሬ ጎልቶ የሚሰማው የታመመውን ሰው ቁጥር የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ፈርቶ ጉዞውን እንዲሰርዝ አልመክርም፤ አይቶ ይምረጥ ነው የምለው።

ለማየት የሚረዳ ጥሩ መሣሪያም አለ። ይኸው ማዕከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመርከቦችን ንጽሕና የሚቆጣጠር ፕሮግራም አለው። በጉዟቸው የውጭ አገርንም የአሜሪካንም ወደብ የሚረግጡና 13 ወይም ከዚያ በላይ መንገደኛ የሚጭኑ መርከቦች ሳይነገራቸው ይፈተሻሉ። ውጤቱ ከ100 ነው፤ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል ማለት ነው። ውጤቱም ዝርዝር ሪፖርቱም በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው።

ይሁንና ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ነጥብ የሚቀነሰው በብዙ ምክንያት ነው። በወጥ ቤት ወለል ላይ የተሰነጠቀ ሸክላም ያስቀንሳል፤ ቀዝቃዛ መሆን የነበረበት ምግብ ሞቆ መገኘቱም ያስቀንሳል። የመጀመሪያው ብዙም አያሳስበኝም። ሁለተኛው ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ፣ ትኩስ ምግብ ደግሞ ከ57 ዲግሪ ማነስ የለበትም። በሁለቱ መካከል ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ምግብ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። 96 ያገኘ መርከብ ስሕተቱ በሙቀት ላይ ከሆነና 91 ያገኘው ስሕተቱ በወለልና በግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ባለ 91ዱን እመርጣለሁ። ሪፖርቱን ስታነቡ ስለ ቡፌው፣ ስለ ማቀዝቀዣውና ስለ ዕቃ ማጠቢያው የተጻፈውን ፈልጉ። አንድ ዓይነት ስሕተት በተከታታይ ሁለት ምርመራዎች ከተደገመ አስተዳደሩ አልሰማም ማለት ነው።

አሁን ወደ መርከቦቹ እንምጣ።

በመጀመሪያው ረድፍ ያሉት ሮያል ካሪቢያን፣ ካርኒቫልና ኤም ኤስ ሲ የሚያሠሯቸው ግዙፍ የቤተሰብ መርከቦች ናቸው። በጥር 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ የጀመረው የሮያል ካሪቢያኑ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ሲታሰብ 5,610 መንገደኛ ይይዛል። እንዲህ ባለ መርከብ ላይ በቲኬቱ ዋጋ የሚካተቱት ሁለት ዋና የመመገቢያ ቦታዎች ቡፌውና ዋናው ምግብ ቤት ናቸው። በዋጋ አንድ ናቸው፤ በንጽሕና ግን እኩል አይደሉም። በዋናው ምግብ ቤት ተቀምጣችሁ ታዝዛላችሁ፤ ሳህኑ ከወጥ ቤት በቀጥታ በአስተናጋጅ እጅ ይመጣል። በቡፌው ጭልፋውን መንገደኛው ሁሉ ይፈራረቅበታል። አብዛኛው የአገራችን ሰው ቡፌ ነጻነት ይሰጣል ብሎ ወደዚያ ይሮጣል፤ ዋናው ምግብ ቤት ለሀብታም የተለየ መስሎት የሚቀርም አለ። ተከፍሎበታል፤ ግቡና ተቀመጡ!

ቡፌው ከሁሉ የሚጨናነቀው በመሳፈሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ካቢኖቹ ገና ስላልተዘጋጁ ሰው ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደዚያ ይወጣል። በዚያ ሰዓት በአስተናጋጅ የሚቀርብበት ሌላ ክፍት ቦታ ጠይቁ። በአዳዲሶቹ የሮያል ካሪቢያን መርከቦች የቡፌ መግቢያ ላይ የእጅ መታጠቢያ ተደርድሯል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ኤም ኤስ ሲ በሜዲትራኒያን ጉዞዎቹ በዋጋ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ነገር ግን በእራት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው የታሸገ ውኃ እንኳ የሚከፈልበት መሆኑን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

ሁለተኛው ቨርጂን ቮያጅስ ነው። በእኔ መለኪያ ከሁሉ የተሻለ የምግብ አሠራር ያለው ይህ ነው፤ ቡፌ የሚባል ነገር የለውም። በርካታ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉት፤ ሁሉም በቲኬቱ ዋጋ ተካትተዋል፤ ምግቡ እንደ ትእዛዙ ተሠርቶ ይቀርባል። እንግዳ ጭልፋ አይነካም። ታዲያ ለምን ለሁሉም አልመክረውም? ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ስለማያሳፍር የልጅ ልጆች ይቀራሉ። መንፈሱም የወጣት ነው፤ ሌሊቱ ሙዚቃና ጭፈራ ነው፤ መርከቡ ውስጥ ንቅሳት የሚነቀስበት ክፍል ሳይቀር አለ። ለጫጉላ ጊዜ የሚሄዱ ሙሽሮች ደስ ይሰኙበታል። ማለዳ ተነሥተው ውዳሴ ማርያም ለሚደግሙ አባት ግን ቦታቸው አይደለም።

ሦስተኛው እንደ ቫይኪንግና ኦሺያኒያ ያሉ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቁ አነስተኛ መርከቦች ናቸው። የቫይኪንግ የባሕር መርከቦች አንድ ሺህ የማይሞላ ሰው ነው የሚይዙት፤ ሕፃናትን አያሳፍሩም፤ ልዩ ምግብ ቤቶቹ ተጨማሪ ክፍያ የላቸውም፤ ሰልፍና ጩኸት የለም። ለአረጋውያን ወላጆች በምቾት ረገድ የሚወዳደራቸው አላየሁም። ዋጋው ውድ ስለሆነ ግን ከበሽታ ነጻ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ቫይኪንግ ኔፕቱን ላይ በአንድ ጉዞ ከ838 መንገደኞች 110 ያህሉ ታመው ነበር። ቫይረስ የቲኬት ዋጋ አይጠይቅም፤ እጅ መታጠብ እዚህም ያው ግዴታ ነው።

አራተኛው አሮያ ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ የመዝናኛ መርከብ ሲሆን በታኅሣሥ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጅዳ ጉዞ ጀመረ። ምግቡ ሐላል ነው፤ አልኮል አይቀርብበትም፤ የጸሎት ክፍሎችና ለሴቶች ብቻ የተለዩ ቦታዎች አሉት። ለሙስሊም ቤተሰብ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደሩ ራሱ ያስቸግራል፤ በሌሎቹ መርከቦች ላይ ሐላል በልዩ ጥያቄ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሁልጊዜም በማረጋገጫ የተደገፈ አይደለም። የአሜሪካን ወደብ በማይረግጥበት ጉዞ ግን ከላይ የነገርኳችሁን ነጥብ ልታገኙለት አትችሉም። በሜዲትራኒያን ብቻ ለሚመላለሱ መርከቦችም ይኸው ይሠራል፤ እነርሱን የሚቆጣጠሩት የአውሮፓ ወደቦች በራሳቸው የጋራ መመሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማያነሡት የእኛ የራሳችን ጉዳይ አለ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ አይበላም። ሁለቱም ያሉበት የጓደኛሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ቡድን በአሮያ ቢሄድ ክርስቲያኖቹ ወደ ዓሣና አትክልት ማድላታቸው ነው፤ በካርኒቫል ቢሄድ ደግሞ ሙስሊሞቹ እንዲሁ ይሆናሉ። ይህን ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከምታነሡት አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

የጾሙ ነገር ከዚህ ይከብዳል። መርከቦች ድምቀት የሚያበዙባቸው ወቅቶች ከእኛ ጾም ጋር ይገጥማሉ። የፈረንጆች ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ሲውል ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም። የነሐሴው የበጋ ዕረፍታቸው መካከል ፍልሰታ አለ። የጸደዩ ዕረፍት በዐቢይ ጾም ይገባል። ስለዚህ ቀን ስትቆርጡ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ ከጎናችሁ አድርጉ። የጾም ምግብ ለመጠየቅ "ቪጋን" በሉ፤ "ሥጋ አልበላም" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቅቤና አይብ ይዞ ይመጣልና። የተቀቀለ ካሮትና ፎሶሊያ እንኳ ሳይቀር ብዙ ጊዜ በቅቤ ይታሻል። በዓሣ ላይ ያላችሁን አቋምም ለይታችሁ ንገሯቸው፤ በጾም የሚበላም የማይበላም አለና። ኦሺያኒያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆኑ ከ200 በላይ ምግቦችን በዝርዝሩ አካትቷል፤ ለጾመኛ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ቨርጂንም ለዚህ ጥሩ ነው።

በግዙፎቹ መርከቦች ላይ ደግሞ አንድ ጠቃሚ አሠራር አለ። በዋናው ምግብ ቤት ቋሚ የእራት ሰዓት ከመረጣችሁ ጠረጴዛውም አስተናጋጁም አይለወጥም። እራት ሲያልቅ የአስተናጋጆቹ አለቃ የነገውን የምግብ ዝርዝር ይዞ ወደ ጠረጴዛችሁ ይመጣል፤ ጾመኛዋ እናት ከዝርዝሩ ላይ በጣታቸው ያሳያሉ፤ እርሱም ያለ ቅቤ እንዲሠራ ለወጥ ቤቱ ጽፎ ያስተላልፋል፤ በማግሥቱ ሳህኑ ለይቶ በስማቸው ይመጣል። በፈለጉት ሰዓት በሚገባበት አሠራር ይህን በየምሽቱ ለአዲስ አስተናጋጅ ከመጀመሪያው ማስረዳት ግድ ይላል፤ ቋንቋ ለማይችል ሰው ደግሞ አድካሚ ነው። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ የሚታወቀው በዚሁ ሰዓት በሌለው አሠራሩ ስለሆነ፣ ለጾመኛ ወላጆች ከምርጫዬ ወደ ታች አወርደዋለሁ።

በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ሻንጣ ውስጥ ይዘን እንገባለን የሚሉ ብዙ ናቸው። ትላልቆቹ ኩባንያዎች በቤት የተዘጋጀ ምግብ አያስገቡም፤ የሚፈቀደው ፋብሪካ ያሸገው፣ ያልተከፈተው ነው። የታሸገ በሶና ቆሎ ከሱፐርማርኬት ግዙ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ጥሬ ቆሮሶ በዳጣ መብላት ለለመደ የሐዋሳ ሰውም አንድ ምክር አለኝ፤ መርከብ ላይ ኦይስተር የሚባለውን ጥሬ፣ ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ ተውት። የኖሮቫይረስ አንዱ የታወቀ መተላለፊያ እርሱ ነው።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ፦ በግዙፎቹ መርከቦች ላይ ቲፕ በየቀኑ በአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ በሒሳባችሁ ላይ ይደመራል፤ ልዩ ምግብ ቤቶችና ለስላሳ መጠጦችም ለብቻ ይከፈላሉ። ስለዚህ ርካሽ የመሰለውን ቲኬት ከቫይኪንግ ጋር ስታወዳድሩ እነዚህን ደምራችሁ ይሁን። ቪዛውም ከመርከቡ ጋር ይመረጣል፤ ከሼንገን አገሮች ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ ጉዞ ከሆነ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል።

እኔ ብመርጥ እንዲህ ነው የማደርገው። ልጆችና አያቶች አንድ ላይ ከሆኑ ሮያል ካሪቢያንን፣ ቋሚ የእራት ሰዓት ይዤ፣ ቡፌውን ለቁርስ እንኳ እየተውሁ። ለሙሽሮች ቨርጂንን። ለጾመኛ ወላጆች፣ ልጆቻቸው አቅሙ ካላቸው፣ ኦሺያኒያን። ለሙስሊም ቤተሰብ አሮያን፤ ወደ ጅዳ የሚደረገው በረራም አጭር ነው። በየትኛውም ቢሆን የጾም ወይም የሐላል ጥያቄያችሁን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ላኩ፤ መልሱንም አትማችሁ በወላጆቻችሁ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡላቸው፤ በመጀመሪያው ምሽት ለአስተናጋጆቹ አለቃ አውጥተው ያሳዩት።