ለአንድ ቀን ሽርሽር፦ ላድሎ ወይስ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ?

ልጆች ይዞ የእንግሊዝን ጥንታዊ የገበያ ከተማ ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ሁለቱም ያስደስታሉ፤ የእኔ ልብ ግን ወደ ላድሎ ያደላል።

ምክንያቴ ግንቡ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች በ11ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከቲም ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ መሥራት የጀመሩት ነው። ዛሬ ጣሪያ አልባ ፍርስራሽ ቢሆንም፣ ልጆች በጠባቡ ጠመዝማዛ ደረጃ ሲወጡ ደስታቸው ሌላ ነው። አልጋ ወራሹ አርተር በ1502 እ.ኤ.አ. የሞተው እዚሁ ነው። በሕይወት ቢቆይ ኖሮ ታናሽ ወንድሙ፣ ሄንሪ 8ኛ፣ ምናልባት ባልነገሠ ነበር! ይህን ታሪክ እዚያው ቆሞ ለልጅ መንገር ከመማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። ከግንቡ በር ሲወጡ ገበያው ፊት ለፊት ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ይቆማል።

የቤሪ ገበያ ረቡዕና ቅዳሜ ነው። በ1539 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የታላቁ ገዳም ፍርስራሽ በአበባ መናፈሻ መካከል ይገኛል፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ የላድሎ ግንብ ግን ያስከፍላል። ከለንደን ለሚነሳም ቤሪ ይቀርባል። የሕፃን ጋሪ የምትገፉ ከሆነ ያለማመንታት ቤሪን ምረጡ፤ ምሳ ቋጥሮ ሣሩ ላይ መብላትም ይቻላል።