በክፍያ የሚገኝ የክብር ተማሪነት፦ ገንዘቡን ያወጣል?
አሜሪካ ውስጥ ለልጅዎ ከክብር ተማሪዎች ማኅበር ወይም መዝገብ «ተመርጠሃል፣ ክፈል» የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ይጠይቁ፤ ላኪዎቹ የልጅዎን ስም ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ተማሪው ራሱ ከሞላው መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ይታተም የነበረው «ሁዝ ሁ» የተሰኘው የሃይስኩል ተማሪዎች መዝገብ ገቢው መጽሐፉን ለተመረጡት ልጆች ቤተሰብ ከመሸጥ ነበር። ለኮሌጅ መግቢያ ይህን መሰሉ ስም ክብደት የለውም። ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ የመግቢያ ቅጽ፣ የኮመን አፕ ማመልከቻ፣ ለሽልማት የሚሰጠው 5 ቦታ ብቻ ነው፤ በከፈሉበት ስም አያጣብቡት።

የሚያስከፍል ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። ፋይ ቴታ ካፓ የተባለው የክብር ማኅበር የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተማሪዎችን መመዝገቢያ ያስከፍላል፣ ሆኖም በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለአባላቱ የተለየ የዝውውር ስኮላርሺፕ አላቸው። ልጅዎ ሊዛወርበት ያሰበው ዩኒቨርሲቲ ይህን መስጠቱንና የማመልከቻውን ቀን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካለ፣ ክፍያው ሊያዋጣ ይችላል።