የጠፋ የዴስክቶፕ አይኮን፦ ከሴቲንግ መመለስ ወይስ ሲስተም ሪስቶር?

ዊንዶውስ ተከፍቶ ዴስክቶፑ ባዶ ከሆነ ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተደበቀው አይኮኑ ብቻ ነው። መመለሻው ሴቲንግ ወይም ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶር ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) በሌለበት ቤት ምርጫው ከመብራት ጋር ይያያዛል።

ጊዜ፦
ሴቲንግ ከ2 ደቂቃ አያልፍም።
ሪስቶር ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል።

አሠራር፦
ሴቲንግ፦ ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ፣ ቪው፣ ከዚያ «ሾው ዴስክቶፕ አይኮንስ» ላይ ምልክት መኖሩን ማየት። የጎደለው ሪሳይክል ቢን ወይም «ዚስ ፒሲ» ብቻ ከሆነ ፐርሰናላይዝ፣ ቲምስ፣ ዴስክቶፕ አይኮን ሴቲንግስ ገብቶ ሳጥኖቹን መምረጥና አፕላይ ማለት። እዚያው ከታች ቲሙ አይኮን እንዲቀይር የሚፈቅደውን ምልክት አንሡት፤ አለዚያ ቲም በቀየራችሁ ቁጥር የአይኮኑ መልክም ሊቀየር ይችላል።
ሪስቶር፦ የሚሠራው ሲስተም ፕሮቴክሽን ቀድሞ በርቶ ሪስቶር ፖይንት (ዊንዶውስ የሚመለስበት ቀድሞ የተቀመጠ ሁኔታ) ካለ ብቻ ነው።

ስጋት፦
ሴቲንግ ምንም አያጠፋም።
ሪስቶር ሰነድና ፎቶ አይነካም፤ ከፖይንቱ ወዲህ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ግን ያነሣል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሣም ሊል ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይጀመር።

የጠፋው አይኮን ብቻ ከሆነ ሴቲንጉ ይበቃል። አፕዴት ወይም አዲስ ፕሮግራም ከገባ ወዲህ ታስክባሩና ስታርት ሜኑውም ከተበላሹ ሪስቶር ይሻላል። «ቴምፖራሪ ፕሮፋይል» (በራሳችሁ ፋንታ በጊዜያዊ ፕሮፋይል ገብታችኋል) የሚል መልእክት ከመጣ ግን ዴስክቶፑ ላይ ምንም ሴቭ ሳታደርጉ መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ፤ እዚያ ያስቀመጣችሁት ሳይን አውት ስትሉ ይጠፋል።