ደብረ ብርሃን ላይ የማታ እንግሊዝኛ ለምትፈልጉ

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካው ሲበዛ ኢንተርቪውም በዛ፣ ስፖክን ኢንግሊሽ እናስተምራለን የሚለውም እንደዛው። እኔ የምማረው ጠባሴ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ የማታ ክፍል ነው። በጣም ወድጄዋለሁ፣ ቅር ያለኝ ነገርም አለ።

የወደድኩት የአስተማሪውን አካሄድ ነው። አንድ ቃል ይይዝና ማታውን ሙሉ ያሠራናል። አንድ ቀን አርቲኩለትሊን ያዘ። ሃንድአውቱ «በግልጽ» ብሎ ነው ያለፈው፣ እሱ ግን አላለፈውም። የቃሉ መነሻ ላቲን ነው፣ ትንሽ መገጣጠሚያ ማለት ነው አለን፤ ሐሳብን ከፋፍሎ፣ አንዱን ከሌላው አያይዞ መናገር። ፍሉዌንትሊ ሳይደነቃቀፉ መናገር ነው፤ አርቲኩለትሊ የተናገረ ሰው ግን ሐሳቡ ቅደም ተከተል ይዞ ሰሚው ጋ ይደርሳል። ክሊርሊም ቢሆን አይተካውም። «ክሊርሊ፣ ሂ ኢዝ ሌት» ብትሉ ማርፈዱ ግልጽ ነው ማለታችሁ ነው፣ ስለ አነጋገሩ ምንም አላላችሁም።

ከዛ አንዷን የፋብሪካ ሠራተኛ አስነስቶ ማሽኑ እንዴት እንደቆመ ንገሪን አላት። ልጅቷ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው፣ ግን ክሩም፣ ሞተሩም፣ አለቃዋም ተደበላለቁብን። «መጀመሪያ ምን ሆነ? ከዛስ?» እያለ መለሳት። ሁለተኛ ስትናገር እንዲህ ሆነ፦ ክሩ ተበጠሰ፣ ማሽኑ ቆመ፣ እሷ አጠፋችው፣ ቴክኒሻን ጠራች። ቃላቶቿ ያነሱ ነበሩ፣ ሁላችንም ግን ገባን። ኢንተርቪው ላይ የሚፈለገውም ይሄው ነው።

ቃሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባበትን ቦታም በደንብ ያርመናል። በአማርኛ እንዲህ ያለውን ቃል ከግሱ በፊት ማስገባት ስለለመድን እንግሊዝኛውንም የትም እንሰነቅረዋለን፤ «ሺ ኤክስፕሌይንድ ዘ ፕሮብለም አርቲኩለትሊ» ብላችሁ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ድምፁም ጠንከር የሚለው «ቲክ» ላይ ነው። «ሊ» የሌለው ቃል ግስ ሲሆን ግን መጨረሻው «ሌይት» ተብሎ ይነበባል።

ቅር ያለኝ የተማሪው ብዛት ነው፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው የመናገር ተራ ሳይደርሰው ይወጣል፣ ንግግር ለሚያስተምር ክፍል ደግሞ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ፎቶኮፒውም አይነበብም።

ገና ፊደል ለምትቆጥሩ አይሆንም፣ አስተማሪው ፈጣን ነው። ማንበብ እየቻላችሁ አፋችሁ እምቢ ላላችሁ ግን ያዋጣል። ቀደም ብላችሁ ገብታችሁ ፊት ወንበር ያዙ፣ ጃኬትም አትርሱ፣ የማታው ብርድ አይቻልም።