ቡና መሳይ፦ የቺኮሪ ቆርቆሮዬ ነገር

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ቆርቆሮ ቺኮሪ ይዛልኝ መጣች። ቺኮሪ ሰማያዊ አበባ ያለው ተክል ነው። ሥሩ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ እንደ ቡና ይፈላል። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳነብ እንደማመሽ ታውቃለች፤ "ያንን ሁሉ ከምታነብ አንዴ ቅመሰው" ብላ ሳቀችብኝ። ቀመስኩት።

መጀመሪያ ሽታው። ቆርቆሮው ሲከፈት ደስ ይላል፣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ዱቄቱ ከቡና ይጠቁራል፤ እርጥብ ማንኪያ ከነካው ደግሞ ይጓጉላል፣ ስለዚህ ማንኪያችሁን አድርቁ። ቀለም ላይ አይታማም፣ ውሃ ገና ሲነካው ድቅድቅ ይላል። ችግሩ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ሲጀምር ትንሽ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ መራራ፣ መራራነቱም የቡና ሳይሆን ያረረ የዳቦ ቅርፊት ዓይነት፣ ምላስ ሥር ገብቶ አልወጣም የሚል። ሁለተኛ ውሃ ጨምሬ ቶና ላወጣለት ሞከርኩ። ቶና የለውም። ብዙ ከጠጣችሁት ደግሞ ሆድ ይነፋል፣ ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ዋናው ጉድለቱ ግን ሌላ ነው። ካፌይን የለውም። አንድ ቀን ጠዋት ቡናዬን ትቼ እሱን ብቻ ጠጣሁ፣ ከሰዓት በኋላ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ዓይን ሊታለል ይችላል፣ ጭንቅላት ግን ወይ ፍንክች።

እንግዲህ ይሄን ራስ ምታት የእርስ በርስ ጦርነቱ በቆየበት 4 ዓመት ሙሉ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1861 ኤፕሪል ላይ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሊንከን ተገንጥለው ጦርነት የገጠሙትን የደቡብ ግዛቶች ወደቦች በባሕር ኃይል እንዲዘጉ አወጀ። ደቡቡ ጥጥና ትምባሆ እንጂ ቡና አያበቅልም፤ ቡናው በመርከብ ከብራዚልና ከካሪቢያን ነበር የሚመጣለት። የሰሜኑ ወታደር ቡና በራሽን ይሰፈርለታል። የደቡቡ ወታደር ደግሞ ጦርነት ጋብ ሲል ከጠላቱ ጋር ትምባሆ በቡና ይለዋወጣል። ቤት የቀረው ሰው ግን ከማን ጋር ይለዋወጥ? ያገኘውን ሁሉ መቁላት ያዘ፦ በቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ የባሚያ ፍሬ፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ፣ ስኳር ድንች። ቺኮሪ ከእነዚህ መሃል ባላባቱ ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳዮች በመሠረቷት የደቡብ ከተማ ኒው ኦርሊንስ ውስጥማ ከጦርነቱ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ፈረንሳዮች በናፖሊዮን ዘመን ባሕር ሲዘጋባቸው የለመዱት ነገር ነው።

ለማወዳደር ብዬ ስኳር ድንቹን ራሴ ሠራሁት። በጥቃቅኑ ከተፍኩ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ምጣድ ላይ ቆላሁ። ሽታው መጀመሪያ ቤቱን ኬክ ቤት አስመሰለው። ስልክ ላነሳ ዞር አልኩ፣ ስመለስ ግማሹ ከሰል ሆኗል። የተረፈውን ፈጭቼ አፈላሁት። እማዬ አንዴ ፉት አለችና ሲኒውን አየት አድርጋ "ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ የቡና ፎቶ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለቺኮሪው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ቡናው ግን ትንሹ ጣጣ ነበር። ጨው ጠፍቶ ነበር፤ ያለ ጨው ደግሞ የዚያን ዘመን ሰው የዓመት ሥጋውን ማቆየት አይችልም። ስለዚህ ሥጋ የሚታጠንበትን ጎጆ ወለል ይቆፍራሉ፣ ለዓመታት ከተንጠለጠለው ሥጋ ጨው የተንጠባጠበበትን አፈር ይቀቅላሉ፣ ያጣራሉ፣ ውሃው ሲተን ታች የሚቀረውን ይፍቃሉ። ገንዘቡም በየወሩ ይረክሳል። እ.ኤ.አ. በ1863 ኤፕሪል 2 በደቡቡ ዋና ከተማ ሪችመንድ ውስጥ ሴቶች ዳቦ እያሉ አደባባይ ወጡ፣ ሱቅ ሰበሩ፣ ዱቄትና ሥጋ ወሰዱ፣ ጫማም ያነሳ አልጠፋም። የደቡቡ ፕሬዝዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ ወጥቶ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ሳንቲም እንደበተነላቸው፣ ካልተበተናችሁም ወታደሩ ይተኩሳል እንዳላቸው ይተረካል። በዚያው ዓመት የደቡቧ ከተማ ቪክስበርግ በሰሜኑ ጦር ስትከበብ ደግሞ ነዋሪው ኮረብታ ፈልፍሎ ዋሻ ውስጥ ገባ፣ የከተማዋ ጋዜጣም ወረቀት ሲያልቅበት በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ታተመ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ይሄን የቡና ምትክ ታሪክ ሲያወሩ "እመቤቲቱ በብልሃቷ" እያሉ ነው። ደቡቡ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። በብዙው ትልልቅ ቤት ድንቹን የከተፈችው፣ የቆላችው፣ የፈጨችው፣ ሲኒውን ያቀረበችው ሌላ ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ ቡና ኖረ አልኖረ መጀመሪያም የሚደርሳት ጥቂት ነው።

ወደ ቆርቆሮዬ ልመለስ። ለብቻው ከ10 አራት እሰጠዋለሁ፣ እሱም ለሽታው። አንድ ማንኪያ ቺኮሪ ለአራት ማንኪያ ቡና አድርጋችሁ ብዙ ትኩስ ወተት ካፈሰሳችሁበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ መራራነቱ ከወተቱ ጋር ይስማማል፣ ቡናውም ወፈር ይላል፣ ሰባት ይገባዋል። ካፌይን ሐኪም ለከለከለው ሰውም ይሆናል፣ ቡና ነው ብላችሁ ካልዋሻችሁት። ጥቁር ቡና ለለመደ እንግዳ ግን እንዳታቀርቡ፣ ይቀየማችኋል።

ቆርቆሮው አሁን ግማሽ ደርሷል። እማዬ በርበሬ ልታደርግበት ስለፈለገችው ቶሎ ጨርሰው እያለች ትነዘንዘኛለች።